ድምፁን ሰምታ ነበር

አስካለማርያምን ያወቅኋት በ1977 ኅዳር ውስጥ ነው። እኔ ከጤና ረዳትነት ትምህርት ከወጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር። ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረ አንድ የእህል መጋዘን ተጠርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ድርቁ ከወሎ ላፈናቀላቸው ሕፃናት ማገገሚያ ተደርጎ ነበርና እዚያ ተመደብኩ። ስገባ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ያን ሁሉ ሕፃን የያዘ ቤት ግን ልቅሶ አይሰማበትም። ለማልቀስ አቅም ያለው ልጅ አልነበረም።

ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ጎንበስ ብላ የአንድ ሕፃን ጉንጭ ላይ ፕላስተር ትለጥፋለች። ፕላስተሩ በልጁ አፍንጫ የገባውን ቀጭን የምግብ ቱቦ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው።

«እትዬ፣ አልፊያ እባላለሁ። አዲስ ተመዳቢ ነኝ። ምን ላግዝዎት?» አልኳት።

ቀና ሳትል «ላግዝሽ በይ» አለችኝ። «አንቱ ሲሉኝ ሌላ ሰው የሚጠሩ ይመስለኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ «እትዬ አስካለ» እያልኩ፣ ግን «አንቺ» እያልኩ አምስት ዓመት ያህል አብሬያት ሠራሁ። አሁን የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን እሷ ራሷ፣ ሕፃናቱ ሲተኙ የቱቦ ጫፍ በአልኮል እየጠራረግን ነግራኛለች። የቀረውን ከባለቤቷ ከጋሽ ተክለሃይማኖት ሰምቼዋለሁ።

አስካለ የኮልፌ ልጅ ናት። አባቷ ከቡልጋ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ሰው ነበሩ። በ1958 በድሬሰርነት፣ ማለትም በረዳት አስታማሚነት ሠልጥና ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ተቀጠረች። የሆስፒታሉን ስም ልተወው፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ስለ እሷ ምንም አያውቁም። አንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩትን ጋሽ ተክለሃይማኖትን አግብታ ብርቅዬ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ጠዋት ጠዋት ከኮልፌ ፌርማታ አንበሳ አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ አመሻሹ ላይ በዚያው ትመለሳለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሕይወቷ ይኸው ነበር።

እጇ ግን የተለየ ነበር። መዋጥ ለማይችል በሽተኛ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ጨጓራው ድረስ ማድረስ ለብዙዎቻችን ትግል ነው። በሽተኛው ያስለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እጃችንን ይይዛል። አስካለ ጋ ይህ የለም። ቱቦውን ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንት መጨረሻ ትለካና በፕላስተር ምልክት ታደርጋለች። ቀስ ብላ እያወራች ታስገባዋለች፤ ሰውየው «መቼ ልትጀምሪ ነው?» ሲል እሷ ጨርሳለች። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ሲያቅታቸው «አስካለን ጥሩልኝ» ይሉ ነበር።

አደጋው ማስገባቱ ላይ እንዳልሆነ የሙያው ሰው ያውቃል። ጉሮሮ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ወደ ጨጓራ፣ አንዱ ወደ ሳንባ። ቱቦው መንገድ ስቶ ሳንባ ከገባና በላዩ ምግብ ከፈሰሰ፣ ሰውየው ውኃ ሳይነካው ይሰጥማል። ስለዚህ ከማፍሰስ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በስሪንጅ ሲስቡ የጨጓራ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹ ሰማያዊውን የሊትመስ ወረቀት ወደ ቀይ ይለውጠዋል። ይህ ካልተገኘ፣ በዚያን ዘመን፣ ትንሽ አየር በስሪንጅ እየነፉ በማዳመጫ ሆድ ላይ ማዳመጥ የተለመደ ነበር። ጉርግር ካለ «ጨጓራ ውስጥ ነው» ይባላል። ሁላችንም እንዲያ ተምረናል። ያስተማሩንም እንዲያ ተምረው ነበር።

በ1971 ጥር መጀመሪያ አቶ ገሜዳ የሚባል የአስኮ አናጢ ወደ ክፍሏ ገባ። የዛገ ሚስማር ረግጦ፣ ቁስሉ ሲድን መንጋጋው ተቆለፈ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽተኛ ብርሃንም ድምፅም አይችልም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፤ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀቡት። እንዲያም ሆኖ ማንኪያ ሳሕን ሲነካ ሰውነቱ እንደ ቀስት ይለጠጥ ነበር። አስካለ ቱቦውን ያስገባችለት የመጀመሪያው ቀን ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ዋጋነሽ በየቀኑ ከአስኮ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። አጥሚቱን ወንፊት ላይ ሁለቴ አጥልላ፣ በቱቦው እንዲወርድ አቅጥና ነው የምትሠራው። አስካለ ትቀበላትና ለብ አድርጋ ቀስ እያለች በቱቦው ትሰጠዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ገሜዳ መንጋጋውን አንዲት ጣት የምታህል ከፈተ። «ቢሻን» አለ፤ ውኃ ማለቱ ነው። ዋጋነሽ በደስታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ድምፅ እንዳይረብሸው ግቢ ውስጥ ሄዳ እልል አለች። አስካለም ከኋላዋ ወጥታ አብራት ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሳቁ።

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ጎህ ሲቀድ ገሜዳን አንድ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ያዘውና ቱቦው ተስፈንጥሮ ወጣ። ተረኛው ሐኪም ጠንከር ያለ ቫሊየም ወጋውና ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር ወደ ፖለቲካ ትምህርት ሄደ። ረቡዕ ጠዋት ከስብሰባ መቅረት በዚያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። አስካለ ስትገባ ገሜዳ በመድኃኒቱ ከብዶ ተኝቷል። አዲስ ቱቦ ለካች፣ አስገባች። አላሳለውም። ነቅቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቱቦው መንገድ ሲስት ሳሉ ይናገር ነበር። ያ የተኛ ጉሮሮ ግን ምንም አልነገራትም።

በስሪንጅ ሳበች። ባዶ ነው። ቱቦውን ትንሽ ገፋ አድርጋ ደግማ ሳበች። አሁንም ባዶ። የሊትመስ ወረቀት ካለቀ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የራጅ ፊልምም የለም። አየር ነፍታ ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አደረገች። ጉርግር አለ። ደገመች። ጉርግር አለ።

«ሰማሁት» አለችኝ ከስድስት ዓመት በኋላ። «ዛሬም ዝም ስል እሰማዋለሁ። እጄ ግን እሺ አላለኝም፤ ምንም አልወጣልኝማ።»

እጇ እሺ ስላላለ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። ሲስተር ጽጌማርያም ትባላለች። አርባ አልጋ ከሦስት ሠራተኛ ጋር የምታስተዳድር፣ ተቆጪ ግን ቅን ሴት ነበረች። ያን ሰዓት አንድ ደም የሚፈሰው በሽተኛ ላይ ተደፍታለች።

«ሲስተር፣ የገሜዳን ቱቦ አስገብቼ ነበር። ስስበው ምንም አይወጣም።»

«አየር ነፋሽ?»

«ነፋሁ።»

«ሰማሽ?»

«ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ግን...»

«ከሰማሽ ስጪው እንጂ አስካለ! ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር አልቀመሰም። አንቺ ቱቦ ካልገባልሽ ለማን ሊገባ ነው?»

አስካለ ተመለሰች። ፔርሙዙን ከፈተች። ዋጋነሽ ያን ቀን አጥሚቱ ውስጥ ማር ጨምራበት ነበር፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። የስሪንጁን ቀፎ ከቱቦው ጋር አያይዛ ከፍ አደረገችና ማፍሰስ ጀመረች። ሩብ ብርጭቆ ወረደ። ግማሽ ብርጭቆ ሲሞላ የገሜዳ ከንፈር ጠቆረ። ወዲያው ቱቦውን መዝዛ አወጣችው፤ ሰውየውን በጎኑ አዞረችው፤ ጮኸች። ፈሳሽ የሚመጥጠው መሣሪያ ከሌላ ፎቅ እስኪመጣ ብዙ ደቂቃ ሄደ። ሲመጠጥ የወጣው አጥሚት ነበር።

ገሜዳ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ከስብሰባ የተመለሰው ሐኪም የወጣውን አየ፣ አስካለን አየ። ካርዱ ላይ የሞቱን ምክንያት «የመንጋጋ ቆልፍ» ብሎ ጻፈ። ለዋጋነሽም እንደዚያው ተነገራት፤ በሽታው አገርሽቶበት ነው ተባለች። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ተነሥታ ኮሪደሩ ላይ ወደ ቆመችው አስካለ መጣች። ሁለት እጆቿን ይዛ ሳመቻቸው።

«ሲስተር፣ አሥር ቀን ሙሉ ደክመውለታል። እግዜር ይስጥልኝ። በሽታው አልለቅም አለ እንጂ እርስዎስ...» አለቻትና መጨረስ አቃታት።

አስካለ አፏ አልተከፈተም። «ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ» ትለኝ ነበር፤ ሐሳቡን አንድም ቀን አትጨርሰውም።

የሆስፒታል ግድግዳ ወሬ አይይዝም። በሳምንቱ አጥሚቱ ሳንባው ውስጥ እንደ ተገኘ ሠራተኛው ሁሉ አወቀ። ወሬው የሠራተኛውን ንቃት እንዲከታተል የተመደበው ካድሬ ጆሮ ገባ። እሱ ስለ ገሜዳ ብዙም አልገደደውም። የገደደው ሲስተር ጽጌማርያም ናት። የሲስተር ታናሽ ወንድም ከዓመት በፊት ፀረ-አብዮት ተብሎ ተገድሎ ነበር። እሷም ለቅሶ አትቀመጪ ስትባል ጥቁር ለብሳ ሥራ የመጣች ሴት ናት። ካድሬው ያንን ጥቁር ልብስ አልረሳውም።

አስካለን ቢሮው አስጠራትና በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጣት።

«አንብቢውና ፈርሚ፣ ጓድ አስካለማርያም። አንቺን የሚነካ ነገር የለበትም።»

አነበበችው። ረቡዕ ዕለት ቱቦ ማስገባቷን፣ ፈሳሽ አለመውጣቱን፣ ለኃላፊዋ መናገሯን፣ ኃላፊዋ «ስጪው» ማለቷን፣ በሽተኛው መሞቱን ይናገራል። ሁሉም እውነት ነው። ኃላፊዋ ትእዛዙን የሰጠችው ግን «ሆን ብላ፣ ሰፊውን ሕዝብ ለመጉዳት» ነው ይላል።

«ጓድ፣ ሆን ብላ አይደለም» አለች አስካለ።

«በሆዷ ያለውን አንቺ በምን ታውቂያለሽ?»

«እርስዎስ በምን ያውቃሉ? ስጪው ያለችኝ እኔ ድምፁን ሰምቻለሁ ስላልኳት ነው። ያስገባሁት እኔ፣ የሰማሁት እኔ፣ ያፈሰስኩት እኔ። ሆን ብላ የሚለውን ይሰርዙትና እፈርማለሁ።»

ካድሬው ሳቅ አለ። «ነገ ድረስ አስቢበት» ብሎ ወረቀቱን አሲዞ ሸኛት።

ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ገባች። ጋሽ ተክለሃይማኖት አንብበው ሲጨርሱ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ይህን ያጫወቱኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ አንዳች ነገር ሳይደብቁ ነው የነገሩኝ።

«ሁለት ቃል ናት፣ አስካለ» አሏት። «ሆን፣ ብላ። ሁለት ቃል። ፈርሚና ልጅሽን አሳድጊ።»

«ሁለቱ ቃላት ሴትየዋን ያስገድሏታል።»

«ካልፈረምሽስ አንቺን? ብርቅዬ ስምንት ዓመቷ ነው!»

«አንድ ሰው ገድያለሁ፣ ተክልዬ። ሁለተኛ አልጨምርም።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ከዚያ በኋላ አልተከራከሯትም። በማግሥቱ ፌርማታው ድረስ ሸኝተዋት፣ አውቶቡሱ ሲነሣ እጃቸውን አነሡ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር እንዲያ ቆመው ሲሸኟት የመጀመሪያቸው ነበር።

ወረቀቱን ሳትፈርም ለካድሬው መለሰችለት። በሳምንቱ በሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። አስካለ መድረክ ላይ ወጥታ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ሲስተር «ስጪው» ማለቷንም አልደበቀችም። «ተሳስታለች፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የሞተው በሁለታችን ስሕተት ነው። አሻጥር የለበትም» ብላ ወረደች። ሲስተር ጽጌማርያም ከፊት ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ያን ቀን ሁለቱም ከስብሰባው በቀጥታ ተወሰዱ።

አስካለ ቀበሌዎችን በሚያስተዳድረው በከፍተኛው እስር ቤት ሰባት ወር ቆየች። ስለ ቱቦው የጠየቋት የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለምን እንደ ታሰረች ጠባቂዎቹም የረሱት ይመስላል። ጋሽ ተክለሃይማኖት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ምሳቃ ይዘው ይሰለፉ ነበር፤ አንድም ቀን አላስታጎሉም። ስትፈታ ግን ቤቷ ያው ቤት አልሆነላትም። ብርቅዬ እናቷን ስታይ ከአባቷ ኋላ ተደበቀች። ጋሽ ተክለሃይማኖትም ጨዋነታቸው ሳይጓደል፣ ዝምታ የለመዱ ሰው ሆነው ጠበቋት። «በልቤ ቂም ይዤባት ነበር» አሉኝ። «ልክ መሆኗን እያወቅሁ ነው ቂም የያዝኩባት። እሱ ነው የሚከፋው።»

ሲስተር ጽጌማርያም ሁለት ዓመት ታስራ ወጣች። ጸጉሯ ነጭ ሆኖ፣ የቀኝ እግሯን እየጎተተች ነበር። አንድ ጊዜ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ከአስካለ ጋር ተገናኙ። ተቃቅፈው ቆሙ። አንዳቸውም ስለዚያ ረቡዕ አላነሡም። ሲስተር አውቶቡሷ ሲመጣ «አርባ ሰው ነበረብኝ፣ አስካለ» ብላት ተሳፈረች። ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

«አለመፈረምሽ አድኗታል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«አላውቅም። ሌላ ሰው ፈርሞም ይሆናል። በሕይወት ወጥታለች፤ ይኸን ብቻ ነው የማውቀው።»

አስካለን ሆስፒታሉ መልሶ ተቀበላት፤ በሽተኛ እንዳትነካ ግን ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገባት። ደም የነካው አንሶላ እየዘፈዘፈች አምስት ዓመት ሠራች። እዚያ በገባች በሁለተኛው ወር፣ በ1972 ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤቷ አልገባችም። በእግሯ ወደ አስኮ ሄደች።

የአናጢው የገሜዳ ቤት የት ነው ብላ ጠይቃ አገኘችው። ግቢው ውስጥ ያላለቀ የበር መቃን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዋጋነሽ ልብስ ታጥባ ታሰጣለች። ስታያት ወዲያው አወቀቻት፤ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ሮጣ መጣች።

«ውይ ሲስተር! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ፣ ይግቡ!»

ወንበር አወጣችላት። ውኃ ቀዳችላት። አስካለ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ቆየች።

«ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ የመጣሁት ያልነገርንዎትን ልነግርዎ ነው። አቶ ገሜዳን የገደለው በሽታው አይደለም።»

ነገረቻት። ቱቦው መውጣቱን፣ መልሳ ማስገባቷን፣ ምንም አለመውጣቱን፣ ድምፁን መስማቷን፣ ማፍሰሷን። ዋጋነሽ ሳታቋርጣት ሰማች።

«የኔን አጥሚት ነው ያፈሰስሽው?» አለች። አንቱታው ቀርቷል።

አስካለ እዚያ እስክትደርስ የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር። መንገዱን ሁሉ «አይደለም፣ የሆስፒታሉን ወተት ነው» ልበላት አልበላት ስትል ነው የመጣችው።

«አዎ» አለች። «የእርስዎን ነው።»

«ማር ያለበትን?»

«አዎ።»

ዋጋነሽ ተነሣች። ተመልሳ ተቀመጠች። «አውቆታል? ሲታፈን አውቆታል?»

«በመድኃኒት ተኝቶ ነበር። ዓይኑን አልገለጠም። አላወቀም ብዬ አስባለሁ፤ ግን እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።»

«እጅሽን ስሜያለሁ» አለች ዋጋነሽ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እዚያ ኮሪደር ላይ እጅሽን ስሜያለሁ። አንቺም ዝም ብለሽ ተስመሻል።»

«ተስሜያለሁ።»

«ለምን መጣሽ? ይቅር እንድልሽ ነው?»

«አይደለም። ባልዎት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው። ልክሰስሽ ካሉም ስሜን፣ ቤቴን እሰጥዎታለሁ።»

«ማን ሊሰማኝ ነው የምከስሽ?» አለችና ወደተሰጣው ልብስ ዞረች። «ሂጂልኝ። ሌላ ጊዜ እንዳትመጪ። ቤቴን እንዳወቅሽው ርሺው።»

አስካለ ውኃውን ሳትጠጣ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሁለተኛ ወደ አስኮ አልሄደችም፤ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ግን በገሜዳ ስም ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሻማ ታበራ እንደ ነበር ጋሽ ተክለሃይማኖት ያውቃሉ።

1977 ላይ ድርቁ ሲመጣ የሠለጠነ እጅ ጠፋ። «ቱቦ ማስገባት የሚችል ሁሉ» ተብሎ ሲፈለግ አንድ የድሮ ሐኪም የልብስ ማጠቢያዋን ሴት አስታወሰ። እኔ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርቷ አጭር ነበር። «ሳቢ። ከወጣ ወረቀቱ ላይ አድርጊ። ከቀላ ስጪ። ካልወጣ ልጁን በግራ ጎኑ አስተኝተሽ ትንሽ ጠብቂና እንደገና ሳቢ። አሁንም ካልወጣ ቱቦውን አውጪና ከመጀመሪያ ጀምሪ። ማዳመጫሽን ለልብ ትርታ አስቀምጪው።»

«ትምህርት ቤት አየር ነፍታችሁ አዳምጡ ብለውን ነበር» አልኳት።

«ሳንባ ውስጥ የተነፋ አየርም ሆድ ላይ ይሰማል» አለች። ያን ቀን ሌላ አልጨመረችም።

አንድ ማክሰኞ ሃጂራ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ መጣች። ክብደቷ የስድስት ወር ሕፃን አይሆንም። አስካለ ቱቦውን አስገባች፤ ሳበች፤ ምንም የለም። በጎኗ አስተኛቻት፤ ሳበች፤ የለም። ለአንድ ወር ከሌላ ቦታ የተላከ ወጣት ሐኪም ከኋላዋ ቆሟል። ሃምሳ ልጅ ይጠብቀዋል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ስሪንጁን ከእጇ ወስዶ አየር ነፋና አዳመጠ።

«ግልጽ ነው፤ ይሰማል። ወተቱን ስጪያት» አለ።

አስካለ ቱቦውን በሁለት ጣቷ ቆልምማ ያዘችው።

«አልሰጥም፣ ዶክተር።»

«ምን ማለት ነው? ልጅቱ እኮ በረኃብ እየሞተች ነው!»

«በረኃብ ለመሞት ገና ጥቂት ሰዓት አላት። ይህ ቱቦ መንገድ ስቶ ከሆነ አምስት ደቂቃም የላት።»

«ድምፁን ሰምቻለሁ እኮ ነው የምልሽ!»

«እኔም ድምፁን ሰምቼ ሰው ገድያለሁ» አለች አስካለ።

ይህን ስትል ጮክ አላለችም። እኔ ግን በእጄ የያዝኩት የወተት ጆግ ከበደኝ። ሐኪሙ አፍጥጦ አያት። አስካለ መልስ ሳትጠብቅ ቱቦውን አወጣችው። ከመጀመሪያ ለካች፤ አስገባች፤ ልጅቱ ሳል አለችና ደግማ አውጥታ ደግማ አስገባች። ሳበች። አረንጓዴ የመሰለ ጠብታ ወጣ። ወረቀቱ ላይ አደረገችው። ቀላ።

«አሁን ስጪ፣ አልፊያ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ቱቦ የት እንደ ነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጨጓራ ውስጥም ሊሆን ይችል ነበር። ወጣቱ ሐኪም ግን ከዚያን ቀን በኋላ ሲነፋ አላየሁትም።

ሃጂራ ለስድስት ቀን ወተት ወረደላት። በአምስተኛው ቀን ጣቴን ጨብጣ አልለቅም ብላ ነበር። በሰባተኛው ቀን ቤቱን ሁሉ ያዳረሰው ኩፍኝ ያዛት፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። አስካለ አጥባ ገነዘቻት። እኔ ሳለቅስ «አልቅሺ፣ ይገባሻል» አለችኝ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

ያን ዓመት በዚያ ቤት ብዙ ሕፃን ሞተብን። በረኃብ፣ በኩፍኝ፣ በተቅማጥ። በቱቦ ግን አንድም አልሞተም። ይህን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ለእሷ ስነግራት «አትቁጠሪ» አለችኝ።

አስካለ በ1982 ግንቦት በጉበት ሕመም አረፈች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ብርቅዬ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት እናቷን ያስታመመችው እሷ ናት፤ የልጅነት ቅሬታዋ መቼ እንደ ለቀቃት ለእኔ አልነገረችኝም። በቀብሩ ላይ ጋሽ ተክለሃይማኖት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ እንጂ አላለቀሱም። ሰው ከሄደ በኋላ እኔን ጠርተው «አስኮ ያለችው ሴትዮ ይነገራት ይሆን?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እሳቸውም ያንን ቤት ሲያስቡት እንደ ኖሩ የገባኝ።

በሳልስቱ ወደ አስኮ ሄድኩ። ቤቱን አገኘሁት፤ የሚኖሩበት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ጉታ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ብቅ ብለው አነጋገሩኝ።

«ዋጋነሽን ነው? ከልጆቿ ጋር ወደ ወላጆቿ አገር፣ ወደ ጊንጪ ከሄደች አምስት ዓመት አለፋት። ትልቁን ልጇን ለውትድርና ሊወስዱባት ሲሉ ነው ይዛቸው የወጣች። ምን ልትነግሪያት ነበር?»

«አንዲት የምታውቃት ሴት አርፋ ነው» አልኳቸው።

«ዘመድ ናት?»

«ባለቤቷን ያስታመመች ናት» አልኳቸው።

«እንግዲህ ነፍሷን ይማረው» አሉ ሽማግሌው። ሰው ወደ ጊንጪ ከሄደ እንደሚልኩባት ነገሩኝ። ይላኩባት አይላኩባት አላውቅም። ቆሜ ግቢውን ትንሽ አየሁና የከሰዓት ተረኛ ስለነበርኩ ወደ ኮልፌ ተመለስኩ።